የፀሐይ ሙቀት ሰብሳቢዎች ንድፍና ብቃት፤ ለሳይንስ ትምህርትና ለትምህርት ቤቶች አገልግሎት

መግቢያ

ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚከተለው ጥያቄ ቢቀርብላቸው አብዛኞቹ የሚሰጡትን መልስ መገመት አያዳግትም። ስፋታቸው እኩል የሆነ ሁለት የፀሐይ ውኃ ማሞቂያዎች በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጠዋት በሁለቱም የተሞላው ውኃ 20 ዲግሪ ነበር። ከቀትር በኋላ አንደኛው 20 ሊትር ውኃ በ60 ዲግሪ፣ ሁለተኛው ደግሞ 60 ሊትር ውኃ በ35 ዲግሪ ሰጡ። የተሻለ የሠራው የትኛው ነው? ተማሪው በሐሳቡ እጁን ወደ ውኃው እየሰደደ «አንደኛው» ብሎ ይመልሳል። ሒሳቡ ግን ሌላ ይናገራል። 20 ሊትር በ40 ዲግሪ ሲባዛ 800፣ 60 ሊትር በ15 ዲግሪ ሲባዛ 900 ይሆናል። ከፀሐይ ላይ የበለጠ ሙቀት ሰብስቦ ያስረከበው፣ ለብ ያለ ውኃ የሰጠው ሁለተኛው ማሞቂያ ነው።

ይህን መሳሳት በተማሪ ላይ ብቻ ማሳበብ አይገባም። ሙቀትንና መጠነ ሙቀትን አንድ አድርጎ ማየት ዕቃ በሚገዛበትና ዕቅድ በሚወጣበት ጠረጴዛ ላይም ያጋጥማል። «ውኃን እስከዚህ ዲግሪ ድረስ ያሞቃል» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ዕቃ በላጭ መስሎ ይታያል፤ ስንት ሊትር ውኃ፣ በምን ያህል ሰዓት፣ ለምንስ ሥራ የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ ይታለፋል። ከዚህም የተነሣ በብዙ ገንዘብ የተገዛው ማሞቂያ ለተፈለገበት ሥራ ሳይስማማ ሊቀር፣ ወጥ ቤቱም ወደ ማገዶው ሊመለስ ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የፀሐይ ሙቀት ሰብሳቢ በምን ዓይነት አሠራር ሙቀትን እንደሚይዝና እንደሚያጣ፣ ንድፉ እንዴት እየተሻሻለ እንደመጣ፣ ብቃቱም እንዴት እንደሚለካ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ማስረዳት ነው። ጽሑፉ በተለይ አንድ ነጥብ እንዲጨበጥ ይፈልጋል። የአንድ ሙቀት ሰብሳቢ ብቃት በዕቃው ላይ ተጽፎ የሚሸጥ ቋሚ ቁጥር አይደለም፤ ዕቃው በሚሠራበት መጠነ ሙቀት፣ በውጭው አየርና በፀሐይዋ ብርታት መሠረት ከሰዓት ሰዓት የሚለዋወጥ ነው። ስለሆነም ንድፍን ለማሻሻል የሚነሣ ሰው አስቀድሞ «ሙቀቱ ለምን ሥራ ይፈለጋል?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

የሰብሳቢው ክፍሎችና ሙቀት የሚያመልጥባቸው መንገዶች

በብዛት የሚታወቀው ጠፍጣፋ ሙቀት ሰብሳቢ አምስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። እነርሱም ከላይ የሚሸፍነው መስታወት፣ ከሥሩ ያለው ጥቁር ሰሌዳ፣ ከሰሌዳው ጋር የተያያዙት የውኃ ቧንቧዎች፣ ከሰሌዳው ጀርባና ጎን የተጠቀጠቀው ሙቀት ከላካይ፣ እንዲሁም ሁሉን የሚይዘው ሣጥን ናቸው።

ከከባቢ አየር ውጭ ለፀሐይ ፊት ለፊት በተያዘ አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,361 ዋት ገደማ ያርፋል። ሰማዩ ጥርት ባለበት እኩለ ቀን ከዚህ ውስጥ ወደ 1,000 ዋት የሚጠጋው ምድር ይደርሳል። መስታወቱ አብዛኛውን ብርሃን ያሳልፋል፤ ሰሌዳውም ብርሃኑን መጥጦ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሰሌዳው ከውጭው አየር የበለጠ ሲሞቅ ግን ሙቀቱ ተመልሶ ለማምለጥ መንገድ ይፈልጋል። መንገዶቹ በፊዚክስ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኙት ሦስቱ ናቸው። በንክኪ ወይም በኮንዳክሽን በሣጥኑ ጀርባና ጎን በኩል ይወጣል። በኮንቬክሽን፣ ማለትም በሚዘዋወረው አየር አማካይነት፣ ከሰሌዳው ወደ መስታወቱ፣ ከመስታወቱም ወደ ነፋሱ ይሄዳል። በጨረርም ከሰሌዳው ወደ መስታወቱ፣ ከመስታወቱም ወደ ሰማይ ይፈነጠቃል።

የመስታወቱ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። የፀሐይን ብርሃን ያስገባል፤ ከሞቀው ሰሌዳ የሚወጣውን ረጅም ሞገድ ያለውን ጨረር ግን እንዳለ አያሳልፍም። ነፋስም ሰሌዳውን እንዳይነካው ይከላከላል። ይሁን እንጂ ሰሌዳው በተራ ጥቁር ቀለም የተቀባ ከሆነ፣ ብርሃንን በመምጠጥ ጎበዝ የሆነውን ያህል ሙቀትን በጨረር በመልቀቅም ጎበዝ ነው። ከእንዲህ ያለው ሰሌዳ ወደ መስታወቱ ከሚሄደው ሙቀት ከግማሽ የሚበልጠው በጨረር የሚሄደው ነው።

የንድፉ መሻሻል በታሪክ

የሙቀት ሰብሳቢ ታሪክ በአመዛኙ እነዚህን ሦስት መንገዶች አንድ በአንድ የመዝጋት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1767 የጄኔቫው ተወላጅ ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶሲር አምስት የመስታወት ሣጥኖችን አንዱን በሌላው ውስጥ ከድኖ በፀሐይ ላይ በማስቀመጥ ከ87 ዲግሪ በላይ መጠነ ሙቀት አገኘ። በኋላም ጎኑና ጀርባው በጥቁር ቡሽ የተለበጠ፣ በሦስት መስታወት የተከደነ የእንጨት ሣጥን ሠርቶ 109 ዲግሪ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1774 ሣጥኑን ወደ ክራሞን ተራራ ጫፍ አውጥቶ ሲለካ፣ አየሩ ከቈላማው ሥፍራ እጅግ የቀዘቀዘ ሆኖ ሳለ በሣጥኑ ውስጥ ያለው መጠነ ሙቀት ግን ተቀራራቢ ሆኖ አገኘው። በከፍታ ላይ አየሩ ስስና ጥርት ያለ በመሆኑ ፀሐይዋ ትበረታለች፤ ብርታቷም ቅዝቃዜው የሚያስከትለውን ብክነት ያካክሳል። ለደጋው የአገራችን ክፍል ይህ የቆየ ሙከራ ዛሬም ትምህርት አለው።

እ.ኤ.አ. በ1891 ክላረንስ ኬምፕ የተባለ የአሜሪካ ባልቲሞር ነዋሪ፣ ጥቁር የተቀቡ የብረት በርሜሎችን በመስታወት በተከደነ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠ የውኃ ማሞቂያ የፈጠራ መብት አገኘ። ውኃው የሚሞቀውም የሚቀመጠውም በዚያው ሣጥን ውስጥ ስለነበረ፣ ቀን የተሰበሰበው ሙቀት ሌሊት ይጠፋ ነበር። ዊልያም ቤይሊ እ.ኤ.አ. በ1909 በካሊፎርኒያ መፍትሔውን አቀረበ። ማሞቂያውን ከማጠራቀሚያው ለይቶ፣ ማጠራቀሚያውን በሙቀት ከላካይ ጠቅልሎ ከማሞቂያው በላይ አስቀመጠው። ዛሬ በየጣሪያው የምናየው አሠራር መሠረቱ ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1942 ሆይት ሆተል በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ከባልደረባው ጋር ባወጣው ጥናት፣ የጠፍጣፋ ሰብሳቢን ገቢና ብክነት በስሌት ማስቀመጥ ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ1955 ደግሞ እስራኤላዊው ሃሪ ታቦር መራጭ ገጽ የሚባለውን ልባስ አቀረበ። ይህ ልባስ የፀሐይን ብርሃን እንደ ጥቁር ቀለም ይመጣል፤ የራሱን ሙቀት በጨረር የሚለቀው ግን ጥቁር ቀለም ከሚለቀው አንድ አሥረኛ ያህሉን ብቻ ነው። ከዚያም በኋላ በሁለት የመስታወት ግድግዳዎች መካከል ያለው አየር የተመጠጠለት ቱቦ በስፋት ተሠራጨ። ባዶው ቦታ ኮንዳክሽንንና ኮንቬክሽንን ይዘጋል፤ ጨረርን ግን ሊዘጋ አይችልም። በመሆኑም የውስጠኛው መስታወት በመራጭ ገጽ መለበጥ አለበት።

የገቢና የወጪ ሒሳብ

ለማስተማር እንዲያመች የሰብሳቢን ብቃት በሚከተለው ቀለል ያለ ቀመር መግለጽ ይቻላል።

ብቃት = ሀ − (ለ × የመጠነ ሙቀት ልዩነት ÷ የፀሐይ ኃይል)

«ሀ» የሚወክለው በመስታወቱ አልፎ በሰሌዳው የሚመጠጠውን የብርሃን ድርሻ ነው። «ለ» ደግሞ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት የሚባክነው ሙቀት በዋት ነው። ልዩነቱ የሚወሰደው በሰብሳቢው አማካይ መጠነ ሙቀትና በውጭው አየር መካከል ነው። የፀሐይ ኃይል በዋት በካሬ ሜትር ይለካል። በዚህ ቀመር «ሀ» ገቢ፣ ከመቀነስ ምልክቱ በኋላ ያለው ሁሉ ወጪ መሆኑን ተማሪው በቀላሉ ይረዳል።

በተግባር ከሚታወቁት ልኮች ጋር የሚቀራረቡ፣ ለማስተማሪያ የተመረጡ ድፍን ቁጥሮችን እንውሰድ።

አንደኛ፣ በጥቁር ቀለም የተቀባና አንድ መስታወት ያለው ሰብሳቢ፤ ሀ 0.80፣ ለ 8።
ሁለተኛ፣ መራጭ ገጽና አንድ መስታወት ያለው ሰብሳቢ፤ ሀ 0.78፣ ለ 4።
ሦስተኛ፣ አየር የተመጠጠለት የቱቦ ሰብሳቢ፤ ሀ 0.65፣ ለ 2። የዚህ «ሀ» ያነሰው በቱቦዎቹ መካከል ባለው ክፍተት የሚያልፈው ብርሃን ስለሚባክን ነው።

የውጭው አየር 20 ዲግሪ፣ ፀሐይዋም 1,000 ዋት ናት እንበል። ሰብሳቢዎቹ በ40 ዲግሪ ሲሠሩ ብቃታቸው እንደ ቅደም ተከተላቸው 64፣ 70 እና 61 በመቶ ይሆናል። በ60 ዲግሪ ሲሠሩ 48፣ 62 እና 57 በመቶ ይደርሳሉ። በ90 ዲግሪ ደግሞ 24፣ 50 እና 51 በመቶ ይሆናሉ። ደመና ገብቶ የፀሐይዋ ኃይል ወደ 500 ዋት ቢወርድ፣ በ60 ዲግሪ ያላቸው ብቃት 16፣ 46 እና 49 በመቶ ይሆናል።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሦስት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። በመጀመሪያ፣ ለገላ መታጠቢያ የሚበቃ ውኃ ለማግኘት በቀለም የተቀባው ተራ ሰብሳቢ ከቱቦው ጋር መወዳደር ብቻ ሳይሆን በጥቂቱም ይበልጠዋል። በሁለተኛ ደረጃ፣ የሚፈለገው መጠነ ሙቀት ሲጨምር ወይም ፀሐይዋ ስትደክም ብክነትን የመከላከል ዋጋ ከፍ ይላል። ሦስተኛው በተለይ ለክፍል ውይይት የሚጠቅመው ነው። ውኃ ሳይዘዋወርበት በፀሐይ ላይ የተተወ አንደኛው ሰብሳቢ መጠነ ሙቀቱ እየጨመረ ሄዶ 120 ዲግሪ ሲደርስ ገቢውና ወጪው እኩል ይሆናሉ። በዚያን ሰዓት ሰሌዳው ከምንጊዜውም የበለጠ የጋለ ነው፤ ብቃቱ ግን ዜሮ ነው።

መስታወት መደረብም በዚሁ ሒሳብ መመዘን አለበት። ሁለተኛ መስታወት ብክነትን ይቀንሳል፤ በአንጻሩ ከሚገባው ብርሃን አንድ አሥረኛ ያህሉን ያስቀራል። «ሀ» ከ0.80 ወደ 0.71፣ «ለ» ደግሞ ከ8 ወደ 5 ቢወርዱ፣ በ1,000 ዋት ፀሐይ የሁለቱ ብቃት እኩል የሚሆነው የመጠነ ሙቀቱ ልዩነት 30 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ከዚያ በታች ድርቡ መስታወት ኪሳራ፣ ከዚያ በላይ ትርፍ ነው።

ንድፍን የሚያሻሽሉ ነጥቦች

ሀ. የሰሌዳውና የቧንቧው ግንኙነት። በሁለት ቧንቧዎች መካከል ባለው ሰሌዳ ላይ ያረፈው ሙቀት ወደ ውኃው ለመድረስ በሰሌዳው ውስጥ መጓዝ አለበት። የመዳብ ሙቀት አስተላላፊነት ከብረት ሰባትና ስምንት እጥፍ ስለሚበልጥ፣ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ቧንቧዎቹ እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው ሊቀመጡ ይችላሉ። በቆርቆሮ ሲሠራ ግን ይበልጥ መቀራረብ ይኖርባቸዋል። ቧንቧው ከሰሌዳው ጋር በሽቦ ብቻ ታስሮ ከሆነ በመካከሉ የሚቀረው ስስ አየር መንገዱን ይዘጋዋል። በደንብ የተበየደ ቆርቆሮ በሽቦ ከታሰረ መዳብ ሊበልጥ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለ. ሙቀት ከላካዩ። የመስታወት ጥጥ በማይገኝበት ቦታ ጭድ፣ የበግ ጠጉር፣ ሰጋቱራ ወይም የቡና ገለባ በ5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢጠቀጠቅ ያገለግላል። የእነዚህ ሁሉ ጥቅም በውስጣቸው ከያዙት ዝም ያለ አየር የሚገኝ ነው። ውኃ ከአየር ከሃያ እጥፍ በላይ ሙቀት አስተላላፊ በመሆኑ፣ ዝናብ የገባበት ከላካይ ከላካይነቱ ያበቃል። ስለዚህ የሣጥኑ መጋጠሚያዎች በሚገባ መደፈን አለባቸው። ጭድና ሰጋቱራ በእሳት የሚያያዙ ስለሆኑ ከሚግለው ሰሌዳ ጋር እንዳይነካኩ በመካከሉ ቆርቆሮ መለየት አስፈላጊ ነው።

ሐ. አቀማመጡ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። ታኅሣሥ 12 ቀን ገደማ ፀሐይ በእኩለ ቀን ከአናት ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ያህል ዘንበል ትላለች። በዚያን ሰዓት በጠለል የተቀመጠ ሰብሳቢ በቀጥታ ከሚመጣው ብርሃን 84 በመቶ ሲቀበል፣ ወደ ደቡብ 15 ዲግሪ ያዘነበለው ግን 95 በመቶ ይቀበላል። ሰኔ 14 ቀን ገደማ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምታልፍ ይኸው ሰብሳቢ ወደ 87 በመቶ ይወርዳል። ክረምቱ ደመናማ፣ በጋው ጥርት ያለ በሆነበት አካባቢ ለበጋው ማድላት ተገቢ ነው። ከዚህም በላይ ዘንበል ማለቱ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥብና የሞቀው ውኃ ወደ ላይ እንዲወጣ ያግዛል።

መ. የማጠራቀሚያው ከፍታ። ፓምፕ በሌለበት አሠራር የሞቀ ውኃ ስለሚቀልል ከሰብሳቢው ወደ ማጠራቀሚያው ይወጣል፤ ቀዝቃዛውም ከሥር ይተካዋል። ይህ እንዲሆን የማጠራቀሚያው ታች ከሰብሳቢው አናት ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በጐበኘው በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ማጠራቀሚያው ከሰብሳቢው ጋር ትይዩ ተቀምጦ ነበር። ማታ የሞቀው ውኃ ሌሊት ወደ ኋላ እየዞረ በሰብሳቢው በኩል ይቀዘቅዝ ስለነበረ፣ ጠዋት ተማሪዎቹ የሚያገኙት ቀዝቃዛ ውኃ ነው። ጥፋቱ በፀሐይ ላይ ተላክኮ ዕቃው ተነቅሎ ወረደ። ማጠራቀሚያውን በጥቂት ጡቦች ከፍ ማድረግ ይበቃ ነበር።

ሠ. ውርጭና የውኃው ጠባይ። በደጋው አገር ጥርት ባለ የበጋ ሌሊት ሰብሳቢው ሙቀቱን በጨረር ወደ ሰማይ ስለሚሰድ ከአካባቢው አየር በታች ሊቀዘቅዝና ቧንቧው በበረዶ ሊፈነዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1913 በካሊፎርኒያ በደረሰ ብርቱ ቅዝቃዜ የቤይሊ ማሞቂያዎች በዚሁ ተጎድተው፣ አልኮል የተቀላቀለበት ውኃ ለብቻው የሚዘዋወርበት አሠራር ሊፈጠር ግድ ሆኗል። በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀምጥ ውኃ ባለበት አካባቢ ደግሞ ይኸው ቅርፊት ጠባቡን ቧንቧ ስለሚያጠብ፣ ቧንቧው ሰፋ ያለና ተፈትቶ የሚጠረግ መሆን ይገባዋል።

በትምህርት ቤት ግቢ የሚደረግ ሙከራ

ከላይ የተገለጸው ሁሉ በቃል ተነግሮ ቢቀር ተማሪው ለፈተና ሸምድዶ የሚረሳው ይሆናል። ሙከራው ግን ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ቆርቆሮ ሠሪ ሊሠራው የሚችል፣ ጎኖቹ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ የተዘጋ ጠፍጣፋ ዕቃ 5 ሊትር ውኃ ይይዛል። ይህን ጥቁር ቀብቶ፣ ጭድ በተጠቀጠቀበት የእንጨት ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ በመስታወት መክደን ነው። በዕቃው አናት ላይ አየር የሚወጣበትና ቴርሞሜትር የሚገባበት ቀዳዳ መተው አለበት። እንዲህ ያሉ ሁለት ሣጥኖች ያስፈልጋሉ።

የመጀመሪያው ሙከራ ማነጻጸር ነው። የፀሐይን ኃይል የሚለካ መሣሪያ በየትምህርት ቤቱ አይገኝም። ሁለት ሣጥኖች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ፀሐይዋ ለሁለቱም እኩል ስለሆነች መሣሪያው ባይኖርም ማነጻጸር ይቻላል። ቁም ነገሩ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። አንድ ቀን አንዱን ጥቁር፣ ሌላውን ነጭ መቀባት፤ ሌላ ቀን አንዱን ያለ መስታወት መተው፤ በሌላ ቀን ደግሞ የአንዱን ጭድ ማርጠብ። ተማሪዎቹ በየ10 ደቂቃው መጠነ ሙቀቱን መዝግበው በግራፍ ያሰፍራሉ። መስታወት የሌለው ሣጥን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከባለ መስታወቱ ሊቀድም፣ በኋላም ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። ምክንያቱን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይፈልጉ። ከላይ የተሰጠው ቀመር መልሱን ይዟል።

ሁለተኛው ሙከራ የማቀዝቀዝ ሙከራ ሲሆን የብክነቱን መጠን፣ ማለትም «ለ»ን፣ በቁጥር ያስገኛል። ሣጥኑ ነፋስ በማይበዛበት ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ከአየሩ በ30 ዲግሪ የሚበልጥ ሙቅ ውኃ ይሞላበታል። ከአንድ ሰዓት በኋላ የቀነሰው መጠነ ሙቀት ይለካል። ስሌቱም እንደሚከተለው ነው።

ለ = (የውኃው ክብደት በኪሎ ግራም × 4,186 × የቀነሰው ዲግሪ) ÷ (የሣጥኑ ስፋት በካሬ ሜትር × 3,600 × አማካይ ልዩነት)

5 ሊትር ውኃ በሩብ ካሬ ሜትር ሣጥን ውስጥ በአንድ ሰዓት 9 ዲግሪ ያህል ከቀነሰ «ለ» ወደ 8 ይጠጋል፤ 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ከቀነሰ ደግሞ ከ4 ብዙ አይርቅም። ትንሽ ሣጥን ከስፋቱ አንጻር ጎኑ የበዛ ስለሆነ ብክነቱ ከትልቁ ቢበልጥ ሊያስገርም አይገባም። ይልቁንም ይህ ራሱ ጥሩ የውይይት ርእስ ነው።

መምህሩ ሊያስጠነቅቅ የሚገባው ነገር አለ። ባዶውን በፀሐይ የቆየ ሰብሳቢ እጅን ያቃጥላል፤ ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት ቢፈስበትም መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ውኃው ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ መሞላት አለበት።

ለዕቅድ አውጪዎች

በአገራችን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን በአማካይ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ የፀሐይ ኃይል ያርፋል። 2 ካሬ ሜትር ሰብሳቢ በ45 በመቶ ብቃት ከዚህ 4.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ሙቀት ይሰበስባል። ይህም 100 ሊትር ውኃን በ39 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርጋል። በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነድ ማገዶ ወደ ድስቱ የሚገባው ሙቀት ከ10 እስከ 15 በመቶ፣ የአንድ ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት ኃይልም 15 ሚሊዮን ጁል ነው ብለን ብንወስድ፣ ይህን ውኃ በማገዶ ለማሞቅ ከ7 እስከ 11 ኪሎ ግራም እንጨት ይፈጃል። በየቀኑ ለብዙ መቶ ተማሪዎች ውኃ የሚያሞቅ አዳሪ ትምህርት ቤት ይህን ሒሳብ በራሱ ቁጥር አባዝቶ ሊያየው ይገባል። በሒሳቡ ውስጥ የሚቆረጠው ዛፍ ብቻ ሳይሆን፣ የወጥ ቤት ሠራተኞች የሚተነፍሱት ጭስም አለ።

ይሁንና ሥራው ሁሉ በአንድ ዕቃ አይሠራም። ለገላ መታጠቢያ 40 ዲግሪ፣ ለዕቃ ማጠቢያ እስከ 60 ዲግሪ ይበቃል፤ ለዚህ ጠፍጣፋ ሰብሳቢ ተስማሚ ነው። ውኃ በአዲስ አበባ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ለምግብ ማብሰያ የሚሆን ውኃን በፀሐይ እስከ 60 ዲግሪ አድርሶ የቀረውን በምድጃ መጨረስ፣ ሰብሳቢውን ብቃቱ በማይፈቅድለት ቦታ ከማስገደድ ይሻላል። እንጀራ መጋገር 200 ዲግሪ የሚጠጋ ምጣድ ስለሚፈልግ ለጠፍጣፋ ሰብሳቢ የሚሰጥ ሥራ አይደለም። ፀሐይን በመስተዋት ማጠራቀምን ይጠይቃል፤ በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ረገድ ምርምሮች ተካሂደዋል። እንዲህ ያለው መሣሪያ ግን ቀጥተኛውን ብርሃን ብቻ ስለሚጠቀም ፀሐይዋን እየተከተለ መዞር አለበት፤ በደመናም ቀን ይቆማል።

የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ሰሌዳዎች ዋጋቸው ስለረከሰ «ሙቀቱንም ከእነርሱ ብናገኝስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የእነዚህ ሰሌዳዎች ብቃት ወደ 20 በመቶ ስለሆነ፣ ከላይ በተጠቀሰው 2 ካሬ ሜትር 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ብቻ ይገኛል። ኤሌክትሪኩ ለመብራትና ለቤተ ሙከራ መሣሪያ የሚሰጠው አገልግሎት በሙቀት አይተካም፤ ውኃን ለማሞቅ ግን ሙቀት ሰብሳቢው ከእጥፍ በላይ ይሰጣል። ምርጫው በጣሪያው ስፋት፣ በዋጋውና በአካባቢው ሊጠግነው በሚችለው ባለሙያ ይወሰናል።

ማጠቃለያ

የሙቀት ሰብሳቢን ንድፍ ማሻሻል ማለት ገቢውን ሳይጎዱ ወጪውን መቀነስ ነው። የትኛው ወጪ አስቀድሞ መቀነስ እንዳለበት የሚወስነው ደግሞ የሚፈለገው መጠነ ሙቀት ነው። በዚህ መሠረት ዕቅድ አውጪው የግዢ ጥያቄ ሲቀርብለት አራት ነገሮች ተጽፈው እንዲመጡለት ቢያዝ መልካም ነው። እነርሱም የሚፈለገው መጠነ ሙቀት፣ በቀን የሚያስፈልገው የውኃ መጠን፣ የአካባቢው ውኃና ውርጭ ጠባይ፣ እንዲሁም ዕቃውን የሚጠግነው ሰው ማንነት ናቸው።

ለመምህሩ የሚቀረው ድርሻ ከዚህ አያንስም። ሁለት ሣጥንና ሁለት ቴርሞሜትር ይዞ ተማሪዎቹን ወደ ግቢው ያወጣ መምህር የሙቀት መተላለፍን ምዕራፍ ከማስተማሩም ሌላ፣ «ብቃቱ 60 በመቶ ነው» ተብሎ ሲነገራቸው «በስንት ዲግሪ?» ብለው የሚጠይቁ ተማሪዎችን ያፈራል። ወደፊት የትምህርት ቤት ዕቃ የሚገዙት፣ የሚሠሩትና የሚጠግኑትም እነዚሁ ተማሪዎች ናቸው።